ካሜራው የማያያቸው ወንበሮች

መካኒሳ፣ ቅዳሜ የካቲት 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ሚካል፦

ደንቡማ ስለ ጤናሽ ጠይቆ መጀመር ነበር። ግን አፌን ሞልቼ «እንደምን ሰነበትሽ» ለማለት ምን ፊት አለኝ? ደብረ ዘይት እኅትሽ ዘንድ መሄድሽን የሰማሁት ከከድር ነው፤ ይህን ደብዳቤም ይዞልሽ የሚመጣው እሱ ነው። ውስጡ ያለውን አያውቅምና አትቆጪው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ግማሽ ላይ ስትደርሺ ንዴትሽ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያኔ እንዳትቀጂው። ጨርሰሽ ቅደጂው።

የምጽፍልሽ አራተኛ ለ ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ከዘበኛውና ከዘበኛው ዶሮዎች በቀር ማንም የለም። ቴሌቪዥኑ ጨርቅ ለብሶ ፊት ለፊቴ ቆሟል። አራት ወር ሙሉ ፊትሽን ያየሁት በሱ ነው። ስንት ቀን እያየሁት ቆሽቴ እንዳረረ ብነግርሽ አታምኚም።

ቀንቼብሽ ነበር ሚካል። ሌላ ስም አልሰጠውም። ሰው «ትንሽ ቅር ብሎኝ» ምናምን እያለ ይሸፋፍነዋል፤ እኔ ግን እንደ ጣውንት ነው የቀናሁብሽ።

ስድስት ዓመት አንቺ አራተኛ ሀ፣ እኔ አራተኛ ለ ነበርን፤ በመሃላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ። አንቺ ስትስቂ የኔ ልጆች ይስቁ ነበር። አዲስ የመጣሽ ሰሞን ልጆቹ ሲረብሹሽ እያለቀስሽ ሮጠሽ የመጣሽው ማን ጋ ነው? እኔ ጋ። እንባሽን በጠመኔ እጄ ጠርጌ ፊትሽን ነጭ በነጭ አድርጌው፣ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ክፍልፋይን በሸንኮራ ማስተማርንስ ማን አሳየሽ? አንዱን አገዳ እኩል አራት ቦታ ቆርጦ፣ «ይሄ ስንት ስንተኛ ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ የመለሰውን ልጅ ማስበላት የኔ ዘዴ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሳስተምር ያገኘሁት እሱኑ ነው። ለአንቺ በነጻ ሰጠሁሽ፤ ያኔ እንደ ታናሽ እኅቴ ነበርሽ።

ከዚያ በ89 ክረምት ያ ፕሮጀክት መጣ። ዳይሬክተራችን አቶ በኃይሉ ሁለታችንን ቢሮው ጠርቶ ሲያስረዳን ትዝ ይልሻል? መምህሯ ሳር ቤት አጠገብ አንድ ክፍል ውስጥ ካሜራ ፊት ቆማ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ምስሏ በስልክ መስመር መጥቶ እኛ ክፍል ቴሌቪዥን ላይ ይታያል፤ የልጆቹም ምስልና ድምፅ በዚያው መስመር ወደ እሷ ይሄዳል። ለሙከራ አንድ ክፍል፣ ከተሳካ ብዙ ትምህርት ቤት። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ» አለን። በልቤ «እኔ ነኛ!» አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ስላንቺ አዝኜልሽ ነበር።

ካሜራ ፊት የተፈተንን ቀን የሆነውን አየሽ። ካሜራው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ስትበራ ምላሴ ታሰረ። እ... እ... እያልኩ ሰባትን በስምንት ማባዛት ጠፋኝ። አንቺ ገባሽና ከጎረቤት ጋር እንደምታወሪ ሁሉ አወራሽ። ስንወጣ ከድር፣ መሣሪያ ገጣጣሚው፣ ክፋት ሳይኖርበት «ካሜራው እሷን ይወዳታል አሉ» አለኝ። ካሜራ ሰው ይወዳል? ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የለፋሁት ለካሜራ መወደድ ነው እንዴ?

«እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ሳምኩሽ። ጉንጭሽ ላይ ያረፈው ከንፈሬ ብቻ ነበር።

የኔ ሥራ «ረዳት መምህር» ሆነ። ቴሌቪዥን እከፍታለሁ፣ ወረቀት አድላለሁ፣ ዝም አሰኛለሁ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ደግሞ ያስተማርሽውን ደግሜ ማስጠናት ነበረብኝ። የኔው ክፍል ውስጥ፣ የኔው ሰሌዳ ጎን ቆሜ፣ የኔን ሰባ አራት ልጆች አንቺ ታስተምሪያቸዋለሽ። ያም ሳይበቃ «ነጭ ልብስ ምስሉን ያበላሸዋል አለኝ ከድር፣ ጠቆር ያለ አውሺኝ» ብለሽ ሰማያዊ ሹራቤን ወሰድሽ። በማግስቱ ሹራቤ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ሴቶቹ ልጆች «የቲቸር ሚካል ሹራብ ሲያምር!» ተባባሉ። ሁለት ዓመት በዚሁ ግቢ ለብሼዋለሁ እኮ! አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው ያውቃሉ? የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ውሸታቸውን ነው፤ አንቺን አደመቀሽ።

ሸንኮራውንም አወጣሽው። ምስልሽ እየተቆራረጠ፣ አፍሽ ቀድሞ ድምፅሽ ኋላ እየደረሰ፣ አገዳውን አራት ቦታ ቆረጥሽና አንዱን ለከድር ሰጠሽው። እሱም ጎርሶ ማኘክ። ሰባ አራቱ ልጆች «የኛስ ቲቸር? የኛስ?» ብለው ጣራውን ሊያነሡት ሆነ። ጩኸታቸው ዘግይቶ ሲደርስሽ ሌላ ነገር ማስረዳት ጀምረሽ ነበርና ክው ብለሽ ቆምሽ፤ ከዚያ ሳቅሽ። እነሱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ይህን ያስተማረችኝ ቲቸር ፀሐይወርቅ ናት» ትላለች ብዬ እስከ ደወል ጠበቅሁ። አላልሽም። እንደረሳሽው አሁን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ሌባ ነሽ አልኩሽ።

ይህን ሁሉ እንኳ በሆዴ ይዤ እኖር ነበር። የባሰው የለሊሴ ነገር ነው።

ለሊሴን ታውቂያታለሽ፤ ከፉሪ በኩል በእግሯ የምትመጣው፣ ኋላ ግድግዳው ሥር የምትቀመጠው። ሦስተኛ ክፍል ሳለች ከሰዓት እንዳስጠናት ወደኔ ስትመጣ ቃል አይወጣትም ነበር። ቤታቸው የሚወራው ኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ተሳስታ እንዳይሳቅባት ትፈራለች። ዓመት ሙሉ አባብዬ፣ እጅጌዬን ጎተት አድርጋ «ቲቸር፣ አልገባኝም» እንድትል አለማመድኳት። በሥራዬ የምኮራበት ነገር አንድ ቢሆን እሱ ነው። ይቺው ልጅ ጥቅምት ውስጥ፣ አንቺ «ገብቷችኋል?» ስትዪ፣ ከኋላ ተነሥታ ካሜራው ፊት ድረስ ሄዳ «አልገባኝም ቲቸር ሚካል» አለችሽ። አንቺም «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» ብለሽ ከሥሩ ጀምረሽ ደገምሽላት። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ጠመኔዬን ሁለት ቦታ ሰበርኩት።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን በትምህርትሽ መሃል መብራት ሄደ። እሰይ አልኩ፤ እግዜር አየልኝ! ዘልዬ ተነሥቼ ካቆምሽበት ቀጠልኩ። ሰሌዳው ላይ ዳቦ ሳልኩ፣ ቆራረጥኩ፣ ላቤ እስኪወርድ አስረዳሁ። ቀና ስል ልጆቹ የሚያዩት የጠፋውን ቴሌቪዥን ነው። ለሊሴ ጋ ሄጄ «የቱ ነው ያልገባሽ የኔ ልጅ?» ብላት፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ ምን አለችኝ መሰለሽ?

«ተይው ቲቸር። ነገ ቲቸር ሚካል ትነግረናለች።»

ተይው አለችኝ! አፍ ያስፈታኋት ልጅ!

በማግስቱ ጧት ያደረግሁትን ነው ልነግርሽ የተነሣሁት። ኢንስፔክተር ሲመጣ የምናደርገውን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ጎበዞቹን ፊት፣ ሰነፎቹን ኋላ፣ «ሲጠይቋችሁ እንዲህ በሉ» ብሎ ማለማመድ። ሁላችንም አድርገነዋል፤ እኛንም ተማሪ ሳለን አድርገውናል። እኔ ያንኑ አደረግሁ። ካሜራው የሚያየው የፊቶቹን ሦስት ረድፍ ብቻ መሆኑን ከከድር ሰምቼ ነበር፤ ጎበዝ ጎበዞቹን ለቅሜ እዚያ ደረደርኳቸው። የቀሩትን ሃምሳ ምናምን ልጆች ካሜራው ወደማያያቸው ወንበሮች ገፋኋቸው። ከዚያ ማስመሪያ ይዤ ፊታቸው ቆምኩና «ስሙኝ» አልኩ። «ይሄን ነገር ትልልቅ ሰዎችና ፈረንጆች ያዩታል። በቴሌቪዥን አልገባኝም ማለት ነውር ነው፤ ትምህርት ቤታችንን ታሰድባላችሁ። ቲቸር ሚካል ገብቷችኋል ስትላችሁ ምንድን ነው የምትሉት?»

«አዎ!»

«አልሰማሁም!»

«አዎ! ገብቶናል ቲቸር!»

ድምፁ አንድ እስኪሆን አስጮህኳቸው። ለሊሴ እጇን ልታነሣ ስትል በዐይኔ አስቀመጥኳት። በዐይኔ ብቻ ነው። ደግሞስ ዐይን ምን ያንሰዋል።

ለራሴ «ለትምህርት ቤቱ ክብር ብዬ ነው» እለው ነበር። አቶ በኃይሉም በበሩ ሲያልፍ ሰምቶ «እንዲህ ነው ሥነ ሥርዓት!» ብሎ አመሰገነኝ። ሆዴ ግን ያውቅ ነበር። «ገብቶናል» ባሉሽ ቁጥር ትሮጫለሽ፤ በሮጥሽ ቁጥር ልጆቹ ይቀራሉ፤ አንድ ቀን ሁሉም ያየዋል። እንድትወድቂ ፈልጌ ነበር። ደግሜ ማስጠናት የነበረብኝን ከሰዓቶች ደግሞ ሥዕል አስሣልኳቸው። አበባ ሲሥሉ ከረሙ።

አንቺ ደስ ብሎሽ ትበሪያለሽ። ክፍልፋይን በሁለት ሳምንት ጨረስሽው፤ በታኅሣሥ አሥርዮሽ ገባሽ። አንድ ዐርብ እንዲያውም ስልክ ደውለሽ «ፀሐይዬ፣ ልጆችሽ እኮ ጉዶች ናቸው፣ ምን አብልተሻቸው ነው?» አልሽኝ። «ያንቺው ጉብዝና ነው» አልኩሽ። ዐይኔ ላፈር!

ጥር ላይ የመንፈቁ ፈተና መጣ። ከሰባ አራቱ ሃምሳ ሁለቱ ወደቁ። ያለፉት ሃያ ሁለቱ ሁሉም የፊቶቹ ረድፎች ልጆች ናቸው፤ ማንም ግን ያን ያየ የለም።

በማግስቱ ወረቀቶቹን ታቅፈሽ እዚህ መጣሽ። አሁን እኔ የተቀመጥኩበት ዴስክ ላይ፣ ጉልበትሽ ደረትሽን እየነካ፣ ተቀመጥሽ። «ምንድን ነው ያጠፋሁት ፀሐይ? ገብቷችኋል ወይ ብዬ እኮ ሁልጊዜ እጠይቃቸዋለሁ። አዎ ነበር የሚሉኝ። አንድም ልጅ አልገባኝም ብሎኝ አያውቅም፤ ከለሊሴ በቀር። እሷም ኋላ ተወችው።» እንዲህ አልሽኝ። እኔ ጀርባሽን እያሸሁ «ልጆች ናቸው፣ ምን ታደርጊያለሽ፣ ራስሽን አትጉጂ» አልኩሽ።

ጀርባሽን ሳሽ ደስ ብሎኝ ነበር ሚካል። ይህን ብደብቅሽ ደብዳቤው ደብዳቤ አይሆንም። ስታለቅሺ ደስ አለኝ። ፊትሽ አብጦ፣ አፍንጫሽ ቀልቶ፣ «አሁን ካሜራው ይወድሽ እንደሆነ እናያለን» አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ስብሰባው። እኔ አልተጠራሁም፤ የተባለውን የነገረኝ አቶ በኃይሉ ነው። የፕሮጀክቱ ሰዎች ሲጠይቁሽ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቸኩያለሁ፤ ፀሐይወርቅ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች» አልሽ አሉ። ይባስ ብለሽ «እኔን ካነሣችሁ እሷን አስገቡ፤ ከሷ የተሻለ የሒሳብ መምህር አላውቅም፤ በሸንኮራ ማስተማሩንም ያገኘሁት ከሷ ነው» አልሽ። ዳይሬክተሩ ይህን ሲነግረኝ እየሣቀ ነው፤ «ጓደኛ እንዲህ ነው!» እያለ። እኔ ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? አሁንም ቀናሁብሽ! በደግነትሽ ቀናሁብሽ። ወድቀሽ እንኳ በላይ ሆንሽብኝ። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል፤ ያንቺማ ጸሎት ገና ሳትጸልዪው ተሰምቶልሻል።

ቦታሽን ሰጡኝ። «መጋቢት ላይ ትጀምሪያለሽ» ተባልኩ። እኔም ምላሴ እንደ ክረምቱ እንዳይታሰር ባለፈው ሰኞ ክፍሌ ውስጥ ልለማመድ ብዬ ክፍልፋይን ከሥሩ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ፣ አምሮብኝ አስተማርኩ። ሲያልቅ «ገብቷችኋል?» አልኩ።

«አዎ! ገብቶናል ቲቸር!» አሉ፣ ባንድ ድምፅ።

ደስ አለኝ። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት አደልኩና አንዲት ጥያቄ ጻፍኩ፤ ግማሽና ሦስት አራተኛ የቱ ይበልጣል? ስም አትጻፉ አልኳቸው። ሰብስቤ አየሁት። ኋላ ያሉት ልጆች አንዱ የሌላውን ገልብጦ፣ አብዛኛው ግማሽ ይበልጣል ብሏል። ክው አልኩ። «ያልገባው እጁን ያውጣ» አልኩ። አንድም እጅ የለም። «አልቆጣም፣ እናቴ ትሙት አልቆጣም» ብዬ ለመንኳቸው። ፈገግ ብለው ያዩኛል። ሰባ አራት ፈገግታ።

ለሊሴን በእረፍት ሰዓት ለብቻዋ ጠራኋት። እፊቷ ተንበርክኬ «የኔ እመቤት፣ ለኔ ብቻ ንገሪኝ፤ አልገባሽም አይደል?» አልኳት።

«ገብቶኛል ቲቸር።»

«ለሊሴ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ነውር ነው ብለሽን የለም እንዴ?» አለችኝና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ ሥጋና ቅቤ ትቼ የልጅ ነፍስ በልቼ ቁጭ ብያለሁ። አንቺን እጥል ብዬ የጣልኩት እሷን ነው። ዓመት ሙሉ ያለማመድኳትን አንዲት ቃል በአንድ ጧት ከአፏ ነጠቅኋት፤ አሁን ብታመም ሐኪም «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ቢላት እንኳ የምትናገር አይመስለኝም።

ትላንት አቶ በኃይሉ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ «ሚካል ጓደኛሽ ስለሆነች ልታድኛት ነው» አለኝ። እኔን እንዲህ ዓይነት ጓደኛ አድርጎ ማሰቡ! የፈተናውን ውጤትና ልጆቹ የተቀመጡበትን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ። «አንቺ ሴትዮ! ይሄን ጽፈሽ ትፈርሚበታለሽ?» አለኝ። ጽፌ ፈረምኩ። ሌላ ትምህርት ቤት ሊያዛውሩኝ ይችላሉ፣ ደረጃዬንም ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ገና አልወሰኑም። ቦታሽን ግን እምቢ ብያለሁ። አንቺን ሊጠሩሽ ነው። የሚመጣው ሳምንት ውስጥ ሰው ይልኩብሻል። እኔን ያስቀሩኝ እንደሆነ፣ እስኪያዛውሩኝ ድረስ ረዳትሽ ሆኜ እቆያለሁ።

ይቅር በዪኝ ለማለት ገና አፌ አልደረሰም። በአካል መጥቼ እግርሽ ላይ ስወድቅ እለዋለሁ። አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው፤ ተመለሺ። ስለ እኔ አይደለም። ስለ ሃምሳ ሁለቱ ልጆች ነው፤ እነሱ የሚወዱት አንቺን ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከጧት ጀምሬ ነው የታገልኩት።

ከአሁን ወዲያ አልቀናም ብዬ አልምልልሽም፤ ውሸት ይሆናል። ስምሽን ሲጠሩ አንጀቴ ያርራል፤ ይረር። አንድ ነገር ግን በዚህ ጾም ቃል እገባልሻለሁ። ብትመጪና ካሜራው ፊት ብትቆሚ፣ «ገብቷችኋል?» ስትያቸው «አዎ» ብለው ይጮሁልሻል። እንዳታምኛቸው፤ ይህን ልማድ ለማስተው ጊዜ ይፈጅብናል። እኔ ኋላ፣ ከለሊሴ ጎን፣ ካሜራው በማያየው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስሜን ጥሪና እኔን ጠይቂኝ። ካልገባቸው ተነሥቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አልገባንም ቲቸር ሚካል» እልሻለሁ።

በድላሽም የምትናፍቅሽ፣
ፀሐይወርቅ